ደቦሉ ብዙ፣ ዘሩ ጥቂት

አንበሳ በአጥር ውስጥ ለመራባት ከማያስቸግሩ ታላላቅ አራዊት አንዱ ነው። እንስቷ የምታረግዘው 110 ቀን ያህል ብቻ ሲሆን፣ በአንድ ጊዜ በአብዛኛው ከ2 እስከ 4 ደቦሎች ትወልዳለች፤ ደቦሎቿ ከሞቱባት ወይም ከተወሰዱባት ደግሞ ብዙ ሳትቆይ ዳግም ለስሪያ ትደርሳለች። በመሆኑም ሊጠፋ የተቃረበ የአንበሳ ዘርን በመካነ አራዊት ጠብቆ ለማቆየት የሚጥሩ ባለሙያዎች ዋና ጭንቀት ደቦል ማግኘቱ አይደለም፤ የተወለደው ደቦል የማን ዘር እንደሆነ፣ አድጎ ከማን ጋር ሊገናኝ እንደሚገባውና የት እንደሚኖር መወሰኑ ነው።

በአዲስ አበባ ስድስት ኪሎ የሚገኘው አንበሳ ግቢ የዚህ ጥያቄ ጥሩ ማሳያ ነው። ግቢው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1948 ሲቋቋም 5 ወንድና 2 ሴት አንበሶች እንደነበሩት ይነገራል። በሥነ ዘር ሳይንስ የአንድ መንጋ ዘር የማስተላለፍ አቅም የሚለካው በእንስሳቱ ብዛት ብቻ ሳይሆን በወንድና በሴት ምጣኔም ጭምር ሲሆን፣ «ውጤታማ የመራቢያ ቁጥር» የሚባለው ይህ ስሌት ለእነዚያ 7 አንበሶች ቢሠራ 6 እንኳ አይሞላም፤ የመጀመሪያው ትውልድ ደቦል ሁሉ ከሁለቱ እናቶች ከአንደኛዋ መወለዱ ግድ ነበርና። እ.ኤ.አ. በ2012 ይፋ የሆነ ጥናት በግቢው የነበሩ 15 አንበሶችን ዘረመል፣ ማለትም ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፈውን የውርስ መረጃ፣ መርምሮ ከዱር አንበሶች የተለዩ መሆናቸውን አሳይቷል። ጎፈራቸው ጠቆር ያለና እስከ ደረትና ሆድ የሚወርድ መሆኑ አስቀድሞም ይታወቅ ነበር። ተመራማሪዎቹ በዘመዳሞች መዳቀል የደረሰው ጉዳት በጊዜው አነስተኛ ሆኖ ቢያገኙትም፣ ዘሩ እንዳይጠፋ በዕቅድ የሚመራ የማራባት ሥራ በአስቸኳይ እንዲጀመር አሳስበዋል።

ዘመዳሞች ሲዳቀሉ ጎጂ ባሕርያት ከአባትም ከእናትም በአንድነት ስለሚወረሱ መካንነትና በሽታ ይበዛሉ። በሕንድ የጊር ደን የሚኖሩት የእስያ አንበሶች አንድ ጊዜ ቁጥራቸው እጅግ ተመናምኖ ስለነበር፣ በወንዶቹ ዘር ፈሳሽ ውስጥ ቅርጸ ጎዶሎ የሆነው የወንዴ ዘር ድርሻ ከታንዛኒያ ሴሬንጌቲ አንበሶች በእጅጉ በልጦ ተገኝቷል። ይህን አደጋ ለመከላከል ዋናው መሣሪያ የዘር ሐረግ መዝገብ፣ ማለትም የእያንዳንዱን እንስሳ ወላጆች፣ ልደትና ዝውውር የሚይዝ ሰነድ ነው። መዝገቡ ራሱ ሲሳሳት የሚመጣው ኪሳራ በአሜሪካ ታይቷል፤ በዚያ ለእስያ አንበሶች ተብሎ የተጀመረው መርሐ ግብር ከ5 መሥራች አንበሶች ሁለቱ የአፍሪካ ዝርያ እንደሆኑ እ.ኤ.አ. በ1987 በወጣ የዘረመል ምርመራ ሲረጋገጥ፣ የዓመታት ድካሙ ከዓላማው ውጪ ሆኖ ቀርቷል።

የእለት ተእለት አያያዙም የራሱ ፈተና አለው። በዱር የምትወልድ አንበሳ ከመንጋዋ ተለይታ ደቦሎቿን ለሳምንታት ስለምትደብቅ፣ በጎብኚ ጩኸት መካከል ጨለማና ጸጥ ያለ ማረፊያ ያጣች እናት ልትጥላቸው አልፎም ልትገድላቸው ትችላለች። አባት ያልሆነ ወንድ በድንገት ሲቀላቀልም ደቦሎቹን ሊገድል ይችላል። ምግቡም በሥጋ ብቻ አይሟላም፤ ጉበት የማያገኝ አንበሳ የቫይታሚን ኤ እጥረት ሲያጋጥመው የደቦሉ የራስ ቅል አጥንት እየወፈረ የአንጎሉን የኋላ ክፍል ስለሚጫነው፣ ደቦሉ ራሱን አዘንብሎ እየተንገዳገደ ይሄዳል።

ይህን ሁሉ አልፈው የሚያድጉት ደግሞ ቦታ ይፈልጋሉ። የኮፐንሃገን መካነ አራዊት እ.ኤ.አ. በ2014 ለአዲስ ወንድ አንበሳ ቦታ ለመልቀቅ ሁለት ያረጁና ሁለት ወጣት አንበሶችን በመግደሉ በዓለም ዙሪያ ተወቅሷል። በእርግዝና መከላከያ መቆጣጠር ሌላው አማራጭ ቢሆንም፣ አንዳንዶቹ በቆዳ ሥር የሚቀበሩ የሆርሞን መድኃኒቶች በድመት ወገን አራዊት ላይ ከማኅፀንና ከጡት ካንሰር ጋር ተያይዘዋል። ወደ ዱር መመለሱም ቀላል አይደለም፤ ሰውን የለመደና አደን ያልተማረ አንበሳ ለገበሬውም ለከብቱም ለራሱም አደጋ ነው።

ስለዚህ አንድ መካነ አራዊት በአንበሳ ማራባት ተሳክቶለታል የሚባለው በየዓመቱ ባስወለዳቸው ደቦሎች ብዛት አይደለም፤ የእያንዳንዱን ዘር በውል መዝግቦ፣ ለሚወለደው ቦታ አስቀድሞ አዘጋጅቶ፣ ከሌሎች ጋር ተባብሮ ሲሠራ ነው። ለአዲስ አበባ አንበሶችም ከአዳዲስ ደቦሎች በፊት የሚቀድመው የተሟላ መዝገብና ሰፊ ግቢ ነው።