የመኪና እጥበት ሒሳብ

መኪና በአብዛኛው ዓለም ከተገዛበት ቀን ጀምሮ ዋጋው እየወረደ የሚሄድ ዕቃ ነው። እኛ ዘንድ ግን ብዙዎች እንደ ጥሪት ይይዙታል። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ጣለ። በ2016 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ደግሞ የብር ምንዛሪ ለገበያ ተተወ። ምትኩ እንዲህ ሲወደድ ያለውን ጠብቆ ማቆየት ያተርፋል። የእሑድ ጠዋት እጥበትም ከንብረት ጥበቃ ወጪ ይመደባል።

የዚህ ጥበቃ ትልቁ ክፍል ቀለም ነው። አንጸባራቂው የላይ ሽፋን ውፍረቱ ከ50 ማይክሮን ብዙም አይዘልም። አቧራ ያዘለ ጨርቅ ደግሞ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል። የልብስ ዱቄት ሳሙናም ቅባት ለማስለቀቅ የተሠራ በመሆኑ መከላከያ ሰሙን አብሮ ያነሳል። መድኃኒቱ ርካሽ ነው፤ የመኪና ሻምፑና ሁለት ባልዲ፣ አንዱ ለአረፋ፣ ሌላው ስፖንጁን ለማለቅለቅ። መኪናውን ጥላ ሥር አቁሞ አስቀድሞ አቧራውን በውኃ ማውረድ፣ ከጣሪያ ጀምሮ ወደ ታች ማጠብ፣ ጎማውን በሌላ ስፖንጅ መጨረሻ ላይ መያዝ፣ ከዚያም ጠብታው ነጭ እድፍ ሳይተው በለስላሳ ጨርቅ ማድረቅ ነው።

ውኃውስ? በደቂቃ 10 ሊትር የሚያፈስ የውኃ ቱቦ ለ15 ደቂቃ ከተከፈተ 150 ሊትር ይሄዳል። በባልዲ ሁለት ጀሪካን፣ ማለትም 40 ሊትር ይበቃል። ልዩነቱ በወር ሒሳብ ላይ እምብዛም አይታይም። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ግን የ110 ሊትር እውነተኛ ዋጋ የሚለካው በታሪፍ ሳይሆን ሮቶው እስከ ቀጣዩ ተራ በመድረሱ ነው።

ታዲያ ላቫጆ ለምኔ? በመኪና ቁጥር የሚከፈለው አጣቢ ጥቅሙ በፍጥነት ነው፤ የባለቤቱ ግን በጥንቃቄ። ስለዚህ ጥንቃቄ የሚሻው ቀለም ቤት ይታጠብ። ክረምት ሻንሲ ላይ የጋገረውን ጭቃ ማስለቀቅ ግን ማንሻና ኃይለኛ ግፊት ይፈልጋል፤ ለዚያ ለላቫጆ መክፈል ያዋጣል።