ነዳጅ ሲጨምር ታሪፉ ስንት ይጨምራል?

ከመካነ ኢየሱስ ከተማ ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ ደብረ ታቦር የሚሳፈር ሰው ከረዳቱ ደጋግሞ የሚሰማው ነገር አለ፦ «ነዳጅ እጥፍ ሆኗል፤ ሒሳቡም እጥፍ ነው።» የመጀመሪያው እውነት ነው። በ2014 ክረምት 47 ብር ከ83 ሳንቲም የነበረው አንድ ሊትር ቤንዚን በታኅሣሥ 2017 መጨረሻ 101 ብር ከ47 ሳንቲም ገብቷል። ሁለተኛው ግን ከዚህ ተነሥቶ የሚባል አይደለም።

እስኪ እናስላው። አንድ ሚኒባስ 100 ኪሎ ሜትር ለመሄድ 12 ሊትር ይጨርሳል፣ የጫነውም 12 ሰው ነው እንበል። ለአንድ ሰው አንድ ሊትር ደረሰው ማለት ነው። በሊትር 10 ብር ሲጨመር የአንዱ ተሳፋሪ ድርሻ 10 ብር ነው። መንገዱ ጠጠር፣ ዳገቱም ብዙ ሆኖ መኪናው 18 ሊትር ቢፈጅ እንኳ 15 ብር ቢሆን ነው። በአንድ ጭማሪ ማግስት 50 ወይም 100 ብር ጨምር የተባለ ተሳፋሪ «በሊትር ስንት ጨመረና?» ብሎ የመጠየቅ መብት አለው።

«ሹፌሩ ጭማሪውን ሁሉ ኪሱ ይከተዋል» ማለትም ስሕተት ነው። ጎማውም መለዋወጫውም በውጭ ምንዛሪ የሚገባ ስለሆነ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የሹፌሩ ወጪ በነዳጅ ብቻ አልጨመረም። ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ግን የማደያው ነገር ነው። በ2014 የተጀመረው የታለመ የነዳጅ ድጎማ ለተመዘገበ የሕዝብ ማመላለሻ ይደርስ የነበረው ከማደያ ተቀድቶ በቴሌብር ሲከፈል ነበር። በግጭት ምክንያት መንገድ ተዘግቶ ቦቴው ሳይደርስ ቀርቶ ሹፌሩ ከጄሪካን ሻጭ ከገዛ ድጎማውም ቀረ፣ የማደያው ዋጋም ቀረ። ያኔ ከላይ ያለው ስሌት አይሠራም። መናኸሪያ ውስጥ የምንጨቃጨቅበት ታሪፍ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ማደያው ጋ ነው የምለው ለዚህ ነው።

«እኔ በእግሬ ነው የምሄድ፤ አይመለከተኝም» የሚልም አለ። ከጉና ተራራ ግርጌ ድንቹን በአህያ ጭኖ ገበያ የሚወርድ ገበሬ ለመኪና አይከፍል ይሆናል፤ መብራት ባልገባበት ቀበሌ ግን ጤፉን የሚያስፈጨው በናፍጣ ወፍጮ ነው። ጨዉም ማዳበሪያውም የሚመጣለት በጭነት መኪና ነው።

«ሰው ሲወደድበት ጉዞውን ይቀንሳል» የሚባለው በከፊል ልክ ነው። ነጋዴው ሦስት ጉዳዩን አጠራቅሞ በአንድ ቀን ይጨርሳል፤ ከተማ ለሚማር ልጁ ስንቅ ይዞ ይሄድ የነበረ አባት ብሩን በስልክ ይልካል። ሪፈር ተጽፎለት ወደ ደብረ ታቦር ሆስፒታል የሚሄድ ሕመምተኛ ግን የሚቀንሰው ጉዞ የለውም። አስታማሚውም አብሮ ይከፍላል፤ ካልሞላላቸው ጎረቤት አዋጥቶ ይሸኛቸዋል። ታሪፉ መናኸሪያው በር ላይ በጉልህ ተጽፎ ይለጠፍ የምለው ከማንም በፊት ለእነሱ ነው።