በቤት የሚዘጋጅ የዒድ ስጦታ፦ ሳይበላሽ የሚቆይ፣ ተቀባዩንም የማይጎዳ



የረመዷን የመጨረሻ ቀናት ሲቃረቡ ወጥ ቤቶቻችን ሥራ ይበዛባቸዋል። ለቤተሰብ ከሚዘጋጀው ምግብ ጎን ለጎን ለዘመድ፣ ለጎረቤትና ለታመመ ወዳጅ የሚላከውም ይታሰባል። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ስጦታ መለዋወጥን አበረታተዋል፤ የጎረቤትን ሐቅም አጥብቀው አስተምረዋል። ዘካተል ፊጥር የራሱ መጠንና ጊዜ ያለው፣ ከዒድ ሶላት በፊት ለሚገባቸው ሰዎች መድረስ ያለበት ግዴታ ነውና ከዚህ ጋር አይምታታብን። የዛሬው ርዕሳችን በፍቅር ስለሚላከው ትንሽ ጥቅል ነው።

ብዙዎቻችን «በቤት የተሠራ ከሆነ ጤናማ ነው» እንላለን። ይህ ሁልጊዜ እውነት አይደለም። ለራሳችን ቤት ስንሠራ ማን ስኳር እንዳለበት፣ ማን ጨው እንደተከለከለ እናውቃለን። የምንልከው ግን ወደማናውቀው ጓዳ ይገባል። ምናልባት ከሳምንት በኋላ ይበላ ይሆናል፤ ምናልባትም መጀመሪያ የሚያነሳው የሁለት ዓመት ሕፃን ይሆናል። ስለዚህ ስጦታ ስናዘጋጅ ይቆያል ወይ፣ ማንንስ ሊጎዳ ይችላል ብለን መጠየቅ ይገባናል።

ምግብን በቶሎ የሚያበላሹት ተህዋስያን ለመራባት ውኃ ይፈልጋሉ። ሳምቡሳ ለስጦታ የማይመቸው ለዚህ ነው። ሥጋና ሽንኩርት ያለበት ሳምቡሳ ከምድጃ ከወጣ በኋላ ከሁለት ሰዓት በላይ ውጪ ባይቆይ ይመረጣል። በትኩሱ ለቅርብ ጎረቤት ቢላክ መልካም ነው፤ በካርቶን ታሽጎ ክፍለ ሀገር ሊጓዝ ግን አይገባም። አያቶቻችን ይህን ነገር ያለ ትምህርት ቤት ያውቁት ነበር። የአርሲና የባሌ እናቶች የሚሠሩትን ጭኮ እንመልከት። ገብሱ ተቆልቶ ይፈጫል፣ ከዚያም በነጠረና ቅመም በገባበት ቅቤ ይታሻል። ቅቤው ሲነጠር ውኃው ተንኖ ያልቃል፤ የተቆላው ገብስም ደረቅ ነው። ስለዚህ ሁለቱ ሲዋሐዱ ለመንገደኛ ስንቅ የሚሆን፣ ለረጅም ጊዜ የማይበላሽ ምግብ ይወጣቸዋል። ያው ዱቄት በውኃ ቢበጠበጥ ግን ብዙም ሳይቆይ ይኮመጥጣል። ጭኮ ኃይል ሰጪ ቢሆንም ቅቤው ብዙ ነውና ኮሌስትሮል ላለባቸው ሰዎች ከቁንጣሪ ያለፈ አይመከርም።

ለብዙ ሰው ለማዳረስ ከሁሉ የሚቀለው ዳቦ ቆሎ ነው። አራት ኩባያ (ግማሽ ኪሎ ያህል) የስንዴ ዱቄት፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ከተወደደም ግማሽ የሻይ ማንኪያ በርበሬ ይቀላቀላል። ሩብ ኩባያ ዘይት ጨምሮ ማሸት፣ ቀጥሎ አንድ ኩባያ ያህል ውኃ ጥቂት በጥቂት እየጨመሩ ጠንከር ያለ ሊጥ እስኪሆን መለወስ ነው። ሊጡ በእርሳስ ውፍረት እየተድቦለቦለ በቢላዋ በትንንሹ ይቆረጥና በደረቅ መጥበሻ ላይ በለዘብተኛ እሳት እየተገላበጠ ይቆላል። ምድጃ ያላችሁ በ180 ዲግሪ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ልትጋግሩት ትችላላችሁ። አንዱን ሰብራችሁ ውስጡ ደርቆ እንደሆነ እዩ። መሐሉ ሊጥ ከሆነ ገና ነው፤ ያ ርጥበት ነው በኋላ የሚያሻግተው። በዘይት የሚጠብሱትም አሉ። እኛ የምንመርጠው ግን ደረቁን ነው፤ ዘይት የጠጣ ዳቦ ቆሎ ቶሎ ይሸታል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሲያሽግ ነው። ትኩስ ቆሎ ፌስታል ውስጥ ከገባ እንፋሎቱ መውጫ አጥቶ መልሶ ውኃ ይሆናል፤ ያን ሁሉ የቆላችሁበት ድካም በአንድ ሰዓት ውስጥ ገደል ገባ ማለት ነው። በንጹሕ ጨርቅ ላይ ተሰጥቶ ፈጽሞ ይቀዝቅዝ፤ ከዚያ ታጥቦ በደንብ በደረቀ፣ ክዳኑ በሚገጥም ብልቃጥ ይግባ። የቀለምና የኬሚካል ዕቃ የነበረ ባልዲ ወይም ጠርሙስ የቱንም ያህል ቢታጠብ ለምግብ አይሆንም። በጋዜጣ መጠቅለልም ይቅር፤ የኅትመት ቀለሙ ወደ ምግቡ ይገባል።

አሁን ወደ ለውዝ (ኦቾሎኒ) እንምጣ፤ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆያለን። ለውዝ ጥሩ ፕሮቲንና ለልብ የሚስማማ ቅባት አለው። በርጥበት የተከማቸ ለውዝ ላይ ግን አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ የሚያመነጭ ሻጋታ ይበቅላል። ይህ መርዝ ጉበትን ይጎዳል፤ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ለጉበት ካንሰር ይዳርጋል። ክፋቱ ደግሞ በቤታችን መቁላት አይጠፋም። ስለዚህ ለውዙን ከመቁላታችሁ በፊት እንደ ምስር በትሪ ላይ ዘርግታችሁ ልቀሙት፤ የተጨማደደውን፣ የጠቆረውን፣ ሻጋታ የነካውን፣ መራራ የሆነውን አውጡ። ጠቅላላው የሻጋታ ሽታ ካለው አይለቀም፣ ይጣል። «ለላሚቱ ይሁን» ማለትም አያዋጣም፤ መርዙ በወተቷ በኩል ተመልሶ ይመጣል። ለራሳችን ያልወደድነውን ለሚስኪን መስጠትማ ጨርሶ አይታሰብም።

ከተለቀመው ለውዝ ጋር ቀላል ጣፋጭ ልትሠሩ ትችላላችሁ። 300 ግራም ፍሬው የወጣለት ተምር፣ 150 ግራም የተቆላ ለውዝ፣ 50 ግራም የተቆላ ሰሊጥ፣ ጥቂት ሄልና ቀረፋ ያስፈልጋል። ከመርካቶ በጅምላ የተገዛ ተምር ከሆነ በፍጥነት ታጥቦ በጨርቅ ይድረቅ፤ እያንዳንዱም ተሰንጥቆ ውስጡ ይታይ፤ ትል ወይም ሻጋታ አይጠፋውም። ተምሩና ለውዙ አብረው ይወቀጡና በእጅ ይድቦልቦሉ፤ ከዚያም በሰሊጥ ላይ ይንከባለሉ። 25 ያህል ይወጣዋል። ስኳር፣ ዘይትም ሆነ ምድጃ አይጠይቅም።

«ስኳር የለውም» ብላችሁ ግን እንዳትልኩት! ከተምር ክብደት ሁለት ሦስተኛው ገደማ ስኳር ነው። ከላይ በሰጠነው ልክ ከተሠራ በአንዱ ኳስ ውስጥ 8 ግራም ያህል፣ ማለትም ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር አለ። አራት ኳስ የበላ የስኳር ሕመምተኛ ስምንት ማንኪያ ወሰደ ማለት ነው። «የተፈጥሮ ስለሆነ አይጎዳም» የሚለው አባባል በየዒዱ ስንቱን ወደ ሐኪም ቤት እንደሚወስድ አላህ ይወቀው። ማርም እንዲሁ ነው። ለስኳር ሕመምተኛ ወዳጃችሁ የገብስና የሽምብራ ቆሎ ብትልኩ ይሻላል፤ አሰሩ ብዙ ስለሆነ የደም ስኳርን በዝግታ ነው የሚያወጣው። እሱም ቢሆን በእፍኝ እንጂ በሳህን አይበላም። ደም ግፊት ላለበት ሰው የሚላከው ደግሞ ጨው አይነካው።

ሕፃናትንም እናስብ። ዓመት ያልሞላው ሕፃን ማር ያለበት ነገር አይሰጠው፤ በማር ውስጥ ሊኖር የሚችል የባክቴሪያ ዘር በጨቅላ አንጀት ውስጥ በቅሎ መርዝ ያመነጫል። ከአምስት ዓመት በታች ላሉ ልጆችም ያልተፈጨ ለውዝ ትንታ ያስከትላል። ለውዝ የማይስማማቸው ሰዎችም አሉ፤ ጥቂት ቢቀምሱ ፊታቸው የሚያብጥ፣ ትንፋሽ የሚያጥራቸው ናቸው። ስለዚህ በአንድ መጥበሻ የምትቆሉ ከሆነ ገብሱንና ሽምብራውን አስቀድሙ፣ ለውዙን በመጨረሻ አድርጉት።

ሌላም ነገር አለ። እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2016 እና በ2017 የዒድ አል-ፈጥር በዓል የዋለው በክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ዐቢይ ጾም ውስጥ ነበር። እንዲህ ሲገጥም ቅቤ የገባበትን ጭኮ ትታችሁ በዘይት የተሠራ ዳቦ ቆሎ ወይም የተምሩን ኳስ ብትልኩ ሳይሳቀቁ ይበሉታል።

በብልቃጡ ላይ ትንሽ ወረቀት ለጥፋችሁ በውስጡ ያለውን ሁሉ ጻፉ፤ ለውዝ፣ ሰሊጥ፣ ማር፣ ቅቤ ካለው ይጠቀስ። የተሠራበት ቀንም ይጨመር። በደንብ የደረቀ ዳቦ ቆሎና ቆሎ አየር በማያስገባ ዕቃ ሁለት ሦስት ሳምንት ይቆያል፤ ከዒዱ ሳምንት በፊት ሠርታችሁ ልታስቀምጡት ትችላላችሁ። የተምሩ ኳስ ግን ለስላሳ ነውና ከዒዱ አንድ ወይም ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ይሠራ፤ በሳምንት ውስጥም ተበልቶ ይለቅ።