የኤሌክትሪክ መኪና የባትሪ እሳትና የምድር ቤት ማቆሚያ

በጥር ወር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በቀር ሌሎች የቤት መኪናዎች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ መወሰኑን ከገለጸ ወዲህ፣ በአዲስ አበባ የኤሌክትሪክ መኪና ቍጥር እየበዛ ሄዷል። ከዚሁም ጋራ አንድ ጥያቄ ተነሥቷል፤ ይኸውም ሰው በላዩ በሚኖርበትና በሚሠራበት ሕንፃ ምድር ቤት እነዚህን መኪናዎች ማቆም ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ነው። አንዳንዱ «ባትሪው ፈንጂ ነው፤ ከደጅ ይደር» ይላል። ሌላው ደግሞ «ቤንዚን ከሌለው ምኑ ይነድዳል?» ብሎ ይሥቃል። ሁለቱም ወገኖች የእውነቱን ከፊል ብቻ ይዘዋል ብለን ስለምናምን፣ ነገሩን ከሥሩ መመርመር ፈቀድን።

ስለዚህ ጕዳይ ብዙ ትምህርት የሚገኝበት አደጋ የደረሰው በደቡብ ኮርያ፣ በኢንቾን ከተማ ነው። ሐምሌ 25 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ማለት በፈረንጆች አቈጣጠር ኦገስት 1 ቀን 2024 ማለዳ፣ በአንድ የመኖሪያ ሕንፃ ምድር ቤት ቆሞ የነበረ የኤሌክትሪክ መኪና ጢስ ማውጣት ጀመረ፤ ጥቂትም ሳይቈይ ነደደ። መኪናው ከቆመ ከሁለት ቀን በላይ ሆኖት ነበር፤ ከኤሌክትሪክ መሙያም ጋራ አልተያያዘም። እሳቱን ፈጽሞ ለማጥፋት 8 ሰዓት ያህል ፈጀ። ከ20 በላይ ሰዎች በጢስ ተጐድተው ለሕክምና ተወሰዱ፤ ከ100 በላይ መኪናዎች ተቃጠሉ ወይም ተበላሹ፤ በመቶ የሚቈጠሩ ቤተ ሰቦችም ቤታቸውን ለቀው ወደ መጠለያ ሄዱ። ከሁሉ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው ግን ይህ ነው፤ በጣራው ላይ ተዘርግቶ የነበረው የውሃ መርጫ በዚያ ሥፍራ ውሃ አላፈሰሰም። የማስጠንቀቂያው ደወል በተሰማ ጊዜ በሥራ ላይ የነበረ አንድ ሠራተኛ የማቆሚያውን ቍልፍ ተጭኖት ነበርና። ወደዚህ ነገር ኋላ እንመለስበታለን።

እንግዲህ ባትሪው ምን ቢሆን ነው ማንም ሳይነካው የሚነድደው? የሊትየም ባትሪ አንድ ወጥ ዕቃ አይደለም። በመቶ፣ አንዳንዴም በሺ የሚቈጠሩ ሴሎች ተደርድረው ከመኪናው ወለል በታች በጠንካራ ሣጥን የታሸጉበት ነው። በእያንዳንዱ ሴል ውስጥ ሁለት ዋልታዎች አሉ፤ በመካከላቸውም ከሰው ጠጕር ይልቅ የሚሳሳ የፕላስቲክ መለያ ተዘርግቷል። እነዚህ ሁሉ የተነከሩበት ፈሳሽ ደግሞ በቀላሉ የሚቀጣጠል ነው። እንግዲህ «ቤንዚን ከሌለው ምኑ ይነድዳል» ለሚለው ሰው የመጀመሪያው መልስ ይህ ነው።

በፋብሪካ ጕድለት፣ በግጭት፣ የመኪናው ሆድ በድንጋይ በመመታቱ፣ ከልክ በላይ በመሙላት ወይም ከውጭ በመጣ ሙቀት ይህ መለያ አንድ ቦታ ላይ የተበሳ እንደ ሆነ፣ ሁለቱ ዋልታዎች ይገናኛሉ፤ የተከማቸውም ኀይል በዚያች ነጥብ ወደ ሙቀት ይለወጣል። በ130 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ መለያው ይቀልጣል። ከዚያም ወዲያ ኬሚካሎቹ እርስ በርሳቸው እየተዋሐዱ ራሳቸው ሙቀት ያወጣሉ፤ ሙቀቱ ውሕደቱን ያፋጥናል፣ ውሕደቱም ሙቀቱን ይጨምራል። አንዱ ሴል ሲግል ጎረቤቱን ያግላል፤ ነገሩም እንዲህ እያለ ከሴል ወደ ሴል ይሻገራል። የውጭ አገር ሊቃውንት ለዚህ ሁኔታ ያወጡትን ስም ቃል በቃል ከመተርጐም ይልቅ፣ እኛ «ልጓም የበጠሰ ሙቀት» ብንለው ይሻላል። ጋልቦ የሄደውን ፈረስ በጩኸት እንደማይመልሱት፣ ይህንንም አሸዋ በመድፋት ወይም ብርድ ልብስ በመጣል አይመልሱትም። የተለመደው እሳት አየር ሲከለከል ይሞታል፤ በዚህ ባትሪ ውስጥ ያለው ውሕደት ግን የውጭ አየር ሳያገኝም ሙቀት ማውጣቱን ይቀጥላል።

ሁሉም ባትሪ ግን አንድ ዓይነት አይደለም፤ በዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ከኒኬል፣ ከማንጋኒዝና ከኮባልት የተሠራው ዋልታ በ200 ዲግሪ አካባቢና ከዚያም በላይ ኦክሲጅን ስለሚለቅ፣ እሳቱ የሚተነፍሰውን ከፊል አየር ይዞ የመጣ ያህል ነው። በሊትየም አይረን ፎስፌት የሚሠራው፣ ዛሬ በብዙ የቻይና መኪናዎች የሚገኘው ዓይነት ደግሞ ሙቀት የበለጠ ይችላል፤ ቢግልም የሚያወጣው ሙቀት ያነሰ ነው። ይሁን እንጂ እርሱም ቢሆን ፍጹም የማይነድድ አይደለም፤ የሚያወጣው ጋዝ በዝግ ሥፍራ ሲጠራቀም ሊፈነዳ ይችላል።

ስለ ጋዝ ካነሣን ዘንድ ጥቂት እንጨምር። ነበልባል ከመታየቱ በፊት ባትሪው ብዙ ጊዜ ነጭ ጉም የመሰለ ነገር ይተፋል። ይህ የውሃ እንፋሎት አይደለም፤ ሃይድሮጅን፣ ካርቦን ሞኖክሳይድና ሌሎችም የሚቀጣጠሉ ጋዞች፣ ከእነርሱም ጋራ መርዛማው ሃይድሮጅን ፍሎራይድ የተቀላቀሉበት ነው። እንግዲህ የጥበቃ ሠራተኛው ሊመለከት ወደ መኪናው ከመጠጋት ይልቅ ሰዎችን ይዞ መውጣት አለበት።

ይህን እሳት ለመቋቋም የሚሻለው ውሃ ነው። ውሃው አየር ለመከልከል ሳይሆን ለማቀዝቀዝ ስለሆነ፣ ብዛቱና ጊዜው ከተለመደው የመኪና እሳት ይበልጣል። ሣጥኑ የታሸገና ከመኪናው ሆድ ሥር ያለ በመሆኑ ውሃው ወደ ሴሎቹ በቀላሉ አይደርስም። የእሳት አደጋ መኪና ደግሞ ጣራው ዝቅ ወዳለ ምድር ቤት ሊገባ አይችልም፤ ሠራተኞቹ ቱቦ እየጐተቱ በጢስ ውስጥ ይወርዳሉ። የነገሩ ክብደት እዚህ ላይ ነው፤ በሜዳ ላይ ቢሆን እየተጠበቀ ነዶ እንዲያልቅ ሊተው የሚቻል እሳት፣ በምድር ቤት ሲሆን በላዩ የሚተኙትን ሰዎች ሁሉ ይነካል።

ታዲያ «ከደጅ ይደር» የሚለው ወገን ረታ ማለት ነውን? አይደለም። የስዊድን የአደጋ መከላከል መሥሪያ ቤት ባወጣው ቍጥር፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ከ100,000 የኤሌክትሪክና የድብልቅ መኪናዎች እሳት የያዛቸው 3.8 ሲሆኑ፣ ከመኪናዎች ሁሉ ግን ከ100,000 ውስጥ 68 ነበሩ። የኤሌክትሪክ መኪናዎቹ ገና አዲስ መሆናቸው ቍጥሩን እንደሚያሳንሰው አንክድም፤ ቢሆንም ልዩነቱ እንዲህ ሰፊ ሲሆን በዕድሜ ብቻ ማስረዳት ይከብዳል። በእንግሊዝ አገር በሉተን አውሮፕላን ማረፊያ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2023 ከ1,000 የሚበልጡ መኪናዎች የተቃጠሉበት እሳት የተነሣው ከናፍጣ መኪና ነው። በኖርዌይ ስታቫንገር እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2020 የደረሰውም እንዲሁ ከናፍጣ መኪና ጀመረ። የሉተኑ ሕንፃ የውሃ መርጫ አልነበረውም፤ የኢንቾኑ ነበረው፣ ግን ተዘጋ። ስለዚህ በሁለቱም አገር እሳቱን ከመኪና ወደ መኪና ያሻገረው አንድ ነገር፣ የውሃው አለመኖር ነው ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለንም። የውሃ መርጫው የታሸገውን ባትሪ አያጠፋ ይሆናል፤ ጎረቤቱን መኪና ግን ያቀዘቅዛል፤ ጊዜም ይገዛል።

ከዚህ የተነሣ በአዲስ አበባ ላሉ የሕንፃ ባለቤቶች የምንለው፣ መኪናውን በጅምላ ከመከልከል በፊት የራሳቸውን ምድር ቤት ይመልከቱ ነው። ውሃው በጋን ውስጥ አለን? መብራት በጠፋ ሌሊት ፓምፑን የሚያሠራው ምንድን ነው? ደወሉ በከንቱ ሲጮኽ ሰልችቶት ቍልፉን የሚዘጋ ሰው አለን? የኤሌክትሪክ መሙያው ከደረጃውና ከአሳንሰሩ አጠገብ ሳይሆን ወደ መውጫው ቀርቦ ቢተከል፣ መስመሩም በባለሙያ የተዘረጋ እንጂ ከግድግዳ ሶኬት በማራዘሚያ ገመድ የተቀጠለ ባይሆን፣ ብዙ ወጪ ሳይጠይቅ ብዙ አደጋ ይቀንሳል። ባትሪው የሞላ በሆነ መጠን የሚይዘው ኀይል ስለሚበዛ፣ የሶል ከተማ አስተዳደር ከኢንቾን አደጋ በኋላ ከ90 በመቶ በላይ የሞሉ መኪናዎች ወደ መኖሪያ ሕንፃ ምድር ቤት እንዳይገቡ ለማድረግ አስቦ ነበር። ይህ ግን ለቍጥጥር አስቸጋሪ ነው፤ ዘበኛው የእያንዳንዱን መኪና ባትሪ ሊያነብ አይችልም።

በግልጽ መከልከል ያለበት አንድ ዓይነት መኪና ቢኖር፣ የተጋጨው ወይም ጐርፍ የገባበት ነው። ከሥሩ የተመታ ባትሪ በዕለቱ ደኅና መስሎ ከሰዓታት ወይም ከቀናት በኋላ ሊነድድ ይችላል፤ አንድ ጊዜ የጠፋውም ተመልሶ ሊነሣ ይችላል። በአሜሪካ እንዲህ ያለውን መኪና ከሌሎች መኪናዎችና ከሕንፃ 15 ሜትር ያህል አርቆ በገላጣ ሥፍራ ማቆም ይመከራል። የእኛ ጋራዦች ግን አብዛኞቹ በመኖሪያ ቤቶች መካከል፣ በጠባብ ግቢ ውስጥ ናቸው፤ 15 ሜትር ለማግኘት ብዙዎቹ ከግቢያቸው ውጭ ቦታ መከራየት ይኖርባቸዋል።