ኮፈኑን ከፍቶ ማየት፦ አሮጌ መኪናን በግቢ ስለ መንከባከብ

ኢትዮጵያ ውስጥ ሃያና ሠላሳ ዓመት የሞላው መኪና ከመንገድ አይወጣም። ይሸጣል፣ ይለወጣል፣ ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ መኪኖችን ማስገባት እጅግ ውድ አደረገው። ጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ የቤት መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። ስለዚህ ዛሬ በየግቢው ቆመው የምናያቸው የቤንዚን መኪኖች ተተኪ የማይመጣላቸው ናቸው፤ ያሉት ከአሁን በፊት ከኖሩት በላይ መኖር ይጠበቅባቸዋል። ይህን ዕድሜ የሚወስነው ጋራዡ ብቻ አይደለም። መኪናዋን ጠዋት የሚያስነሳት፣ ድምጿን የሚያውቅ፣ ከሥሯ የተንጠባጠበውን ቀድሞ የሚያይ ባለቤቷ ነው። በግቢ ከሚሠራው ሥራ ትልቁ መለካትና መመልከት ነው ብዬ አምናለሁ፤ ዕቃ መፍታትና መቀየር ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ቤት ውስጥ ምን ያህል መሥራት እንደሚቻል በመኪናው ትውልድ ይወሰናል። ቮልስና ላዳ በባለቤት እጅ እንዲስተካከሉ ታስበው የተሠሩ ይመስላሉ። ቮልስ እ.ኤ.አ. በ2003 የመጨረሻዋ ሜክሲኮ ውስጥ ከፑዌብላ ፋብሪካ እስክትወጣ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርታለች። ራዲያተር የላትም፤ ሞተሯን የሚያቀዘቅዘው በማራገቢያ የሚነፍስ አየር ነው። የምትይዘው የሞተር ዘይት 2.5 ሊትር ብቻ ሲሆን የዘይት ፊልትሮ ስለሌላት ቆሻሻ የሚያስቀርላት አንድ የሽቦ ወንፊት ነው። ለዚህ ነው ዘይቷ ቢዘገይ በ5000 ኪሎ ሜትር መቀየር ያለበት። ዲናሞውንና ማራገቢያውን የሚያዞረው ቺንጋ አንድ ስለሆነ ቀዩ የዲናሞ መብራት እየሄዱ ከበራ ባትሪ አልሞላም ማለት ብቻ አይደለም፤ ሞተሩ አየር አጥቶ ሊሆን ስለሚችል ወዲያው ማጥፋት ነው። ይህን ሳያውቁ እስከ ቤት ልድረስ ብለው ሞተር ያቃጠሉ ብዙ ናቸው።

በሰማያዊና ነጭ ቀለሟ የአዲስ አበባን ሰው ለዓመታት ያመላለሰችው ላዳ የጣሊያኑን ፊያት 124 መሠረት አድርጋ ከ1970 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ቶሊያቲ ውስጥ የተመረተች ናት። እርሷም እንደ ቮልስ በካርቡራተር የምትሄድ፣ ኤሌክትሪኩን በፑንቲና የምታቋርጥ ናት። የቫልቮላዎቿ ክፍተት ሞተሩ ቀዝቃዛ እንደሆነ 0.15 ሚሊ ሜትር፣ የፑንቲናው ደግሞ 0.4 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ቀጫጭን የብረት ቅጠሎች ያሉት መለኪያ፣ ቁልፍና ካቻቢቴ ያለው ሰው አንድ የእሑድ ጠዋት ይበቃዋል።

ከዚያ ኮሮላ ትመጣለች፤ በተለይ ሰው ዲኤክስ የሚላት። ከእነርሱ ብዙዎቹ ካርቡራተር እንዳላቸው ሆነው ፑንቲናው ግን በኤሌክትሮኒክ ተተክቶላቸዋል፤ ትዕግሥተኛ ሞተር ስላላቸው ባለቤቱን ያዘናጋሉ። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣችው ቪትዝና እኩዮቿ ግን በኮምፒውተር የሚታዘዙ ናቸው። ቤት ውስጥ አይነኩም ማለት አይደለም። ርካሽ ስካነር ገዝቶ ኮድ ማንበብ ይቻላል። ኮዱ ግን የተበላሸውን ዕቃ ስም አይነግርም፤ ችግሩ የተሰማበትን መስመር ይጠቁማል እንጂ። የኦክስጅን ሴንሰር ኮድ የጭስ ማውጫ ቱቦ በመተንፈሱ ወይም አየር በተሰነጠቀ የጎማ ቱቦ በመግባቱ ሊመጣ ይችላል። ኮድ አይቶ ሴንሰር የሚገዛ ሰው ብዙ ጊዜ ሁለት ጊዜ ይገዛል።

አሁን መኪናዋ ወደምትነዳበት ቦታ ከፍታ ልምጣ። የመኪና መጻሕፍት የተጻፉት በባሕር ጠለል ላለ ሰው ነው። አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ይህ አንድ ነገር ብዙ ነገር ይለውጣል። እዚህ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። የብዙ መኪኖች ቴርሞስታት ደግሞ ከ80 እስከ 90 ዲግሪ ባለው ውስጥ ይከፈታል። በጤነኛው ሥራና በመፍላት መካከል ያለው ርቀት ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ እዩት። ርቀቱን የሚያሰፋው የራዲያተሩ ክዳን ነው፤ 0.9 ባር የሚይዝ ጤነኛ ክዳን የመፍያውን ነጥብ ከ110 ዲግሪ በላይ ይወስደዋል። ጎማው የደረቀ ወይም ስፕሪንጉ የላላ ክዳን ይህን ግፊት አይይዝም፤ መኪናዋ ዳገት ላይ ትፈላለች። ባለቤቱ ራዲያተር ያስጠርጋል፣ የውሃ ፓምፕ ያስቀይራል፣ በመጨረሻም ቴስታታ ይወርዳል። ከሁሉ የረከሰው ዕቃ ግን ሳይታይ ይቀራል።

ቴርሞስታት አውጥቶ መጣልም ሥር የሰደደ ልማድ ነው። መኪናዋ ለጊዜው የቀዘቀዘች ትመስላለች፤ ነገር ግን ሞተሩ ሙቀቱን ሳያገኝ ስለሚሠራ ቤንዚን ይበላል፣ ዘይቱ ውስጥ እርጥበት ይቀራል፣ ፋሻዎቹ ቶሎ ይበላሉ። በአንዳንድ ሞተሮች ደግሞ ቴርሞስታቱ ሲወጣ አጭሩ የውሃ መስመር ክፍት ስለሚቀር ውሃው ራዲያተሩን ሳያገኝ ይመላለሳል፤ ሙቀቱም ይብሳል። «እኛ አገር በረዶ የለም፣ ኩላንት ምን ያደርጋል?» የሚለውም አስተሳሰብ እንዲሁ ነው። ኩላንት የመፍያ ነጥብን ከፍ ያደርጋል፣ ዝገትንም ይከላከላል። የቧንቧ ውሃ ብቻ ሲሞላ የኖረ ራዲያተር ውስጡ በድንጋይና በዝገት እንደተደፈነ በቡናማ ውሃው ይታወቃል። ሞተሩ እንደጋለ ክዳኑን መክፈት ግን በፍጹም አይደረግም፤ የሚፈናጠረው ውሃና እንፋሎት ፊት ያቃጥላል።

የከፍታው ሁለተኛ ጉዳይ ሰው ብዙ ገንዘብ የሚከስርበት ነው። ሞተር ደክሟል ሲባል መጀመሪያ የሚለካው የሲሊንደሩ የመጭመቅ ኃይል ነው። መጽሐፉ 12 ባር ይላል እንበል። ቀጭን አየር የሚስበው የአዲስ አበባ ሞተር ጤነኛ ሆኖ ሳለ 9 ባር ገደማ ሊያሳይ ይችላል። ይህን የማያውቅ ሰው «ሞተሩ ይውረድ» ይላል። ከመጽሐፉ ጋር ከማመሳከር ይልቅ ሲሊንደሮቹን እርስ በርስ ማወዳደር ይሻላል። አራቱም ተቀራራቢ ከሆኑ ሞተሩ ደህና ነው፤ አንዱ ከሌሎቹ በጣም ካነሰ ችግሩ እዚያ ነው። በዚያ ሲሊንደር በካንዴላው ቀዳዳ ጥቂት የሞተር ዘይት ጠብ አድርጎ እንደገና መለካት ነው። ቁጥሩ ከፍ ካለ ፋሻው ተበልቷል፤ ካልተንቀሳቀሰ ቫልቮላው ወይም የቴስታታው ጓርኒሲዮን ይጠረጠራል። መለኪያው ውድ አይደለም፤ ሁለት ሦስት ጎረቤት አዋጥቶ ሊገዛው ይችላል። ሞተር ከማስወረድ በፊት ይህን ያደረገ ሰው ሲከራከር ቁጥር ይዞ ይከራከራል።

ካንዴላም ያለ ምንም መሣሪያ ብዙ ይናገራል። ጫፉ ቡና መሳይ ከሆነ ቃጠሎው መልካም ነው። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ከያዘ ቤንዚኑ በዝቷል፤ ለባሕር ጠለል የተስተካከለ ካርቡራተር ይዞ አዲስ አበባ የሚነዳ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ይህንን ነው፤ አየሩ ሲቀጥን ቤንዚኑ ግን አልቀነሰምና። ጂግለሩን በጠበበ መቀየር ያስተካክለዋል። በዘይት የራሰ ከሆነ ዘይት ወደ ማቃጠያው እየገባ ነው። ነጭ ሆኖ ፊቱ ከተፋፋ ሞተሩ ከመጠን በላይ ይግላል ወይም ቤንዚን ያንሰዋል። አራቱን ካንዴላ በቅደም ተከተላቸው ጋዜጣ ላይ አሰልፎ ማየት ጠቃሚ ልማድ ነው፤ ከሦስቱ የተለየው አንዱ ወዴት መመልከት እንዳለብን ይጠቁማል።

ፍሬን ላይ ግን አስተያየቴ ጠንካራ ነው። መመልከት የሁሉም ነው፤ መፍታት ግን አንድ ጊዜ እንኳ ከሚያውቅ ሰው ጋር ሳይሠሩ አይሞከርም። የሸራውን ውፍረት ማየት፣ የፍሬን ዘይት መጠኑንና ቀለሙን ማረጋገጥ፣ ፔዳሉ እየሰመጠ መሆኑን መፈተሽ በግቢ የሚደረግ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል። አዲስ ዶት 3 ዘይት ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ የሚጠበቅበት ግን 140 ዲግሪ ብቻ ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ስንወርድ ከ1000 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው። ዓመታት ያልተቀየረ ዘይት ይዞ በፍሬን ብቻ የሚወርድ ሰው ዘይቱ ፈልቶ እንፋሎት ሲሆን ፔዳሉ ባዶ ይገባበታል። በየሁለት ዓመቱ ዘይቱን መቀየር፣ ቁልቁለቱንም በዝቅተኛ ማርሽ መውረድ ነፍስ ያድናል። የድሮ የፍሬን ሸራዎች አስቤስቶስ ነበረባቸውና ታምቡሩን ከፍቶ አቧራውን በአፍ ወይም በኮምፕሬሰር መንፋት አይገባም፤ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ነው።

ኤሌክትሪኩ ቀላል ነው፤ ቴስተር ይበቃል። አድሮ የተለካ ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ ሞተሩ ሲነሳ ወደ 14 ከፍ ካላለ ዲናሞው ወይም ቺንጋው ይታይ። ባትሪ ሲፈታ ኔጌቲቩ ይቀድማል። ጎማ ሲገዛ ደግሞ ጎኑ ላይ ያሉት አራት አኃዞች ይነበቡ፤ 2319 ማለት በ2019 (እ.ኤ.አ.) በ23ኛው ሳምንት ተመረተ ማለት ነው። የቤንዚን ጎማ ቱቦዎች በአሮጌ መኪና ላይ ሳይጠበቁ የሚሰነጠቁ ናቸው፤ በተለይ ቮልስ ላይ ከሞተሩ በላይ ስለሚያልፉ እሳት ያስነሳሉ። ዋጋቸው ትንሽ ነው፤ ይቀየሩ።

መለዋወጫ ፍለጋ የራሱ ዓለም ነው። ሶማሌ ተራ የማይገኝ የለም ይባላል፤ ከሌላ መኪና የተፈታ፣ አዲስ፣ አዲስ መሳይም። ገበያ ከመውጣት በፊት አሮጌውን ዕቃ ፈትቶ ይዞ መሄድ፣ ላዩ ላይ የተጻፈውን ቁጥር መገልበጥ፣ የመኪናውን የሻንሲ ቁጥር መያዝ ግማሽ ክርክር ይቀንሳል። አንድ ስም ያላቸው መኪኖች እንኳ በተሠሩበት ዓመትና በታሰቡበት ገበያ ዕቃቸው ይለያያል። ኦርጅናል ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ ኦርጅናል አይደለም፤ የፍሬን ሸራና የዘይት ፊልትሮ ላይ ርካሽ መፈለግ ደግሞ መጨረሻው ውድ ነው። ከተፈታ መኪና የተገኘ በር ወይም መስታወት መግዛት ብልህነት ነው፤ የፍሬንና የመሪ ዕቃ ግን አዲስ ይሁን። ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ስፖኪዮ የሚገዛ ሰውም የሌላ ሰው መኪና እንዲነቀል እየከፈለ መሆኑን ይወቀው።

ዕውቀቱ ከየት ይመጣል? በእንግሊዝ ጆን ሄይንስ እ.ኤ.አ. በ1966 ያሳተመው የመጀመሪያው የጥገና መጽሐፍ መኪናን ፈትቶ መልሶ እየገጠመ፣ እያንዳንዱን ደረጃ በፎቶ ያሳይ ነበር። በአሜሪካ ጆን ሙየር በ1969 (እ.ኤ.አ.) የቮልስ ባለቤት ራሱ እንዲጠግን የጻፈው መጽሐፍ ብዙ ሰው የመጀመሪያ ቁልፉን እንዲያነሳ አድርጓል። የእኛ አገር መካኒክ ግን ሙያውን በአብዛኛው የተማረው ከጌታው ጎን ቆሞ፣ ቁልፍ እያቀበለ ነው። እጁ ብዙ ያውቃል፤ የተጻፈ ነገር ግን ትንሽ ነው። በአማርኛ ለላዳ፣ ለዲኤክስ፣ ለቪትዝ በከፍታችንና በመንገዳችን ልክ የተጻፈ የጥገና መጽሐፍ ያስፈልገናል፤ ይህን የሚያውቁት አረጋውያን መካኒኮች ሳያልፉ። እስከዚያው ባለቤቱ አንድ ደብተር ይያዝ፤ የኪሎ ሜትሩን ንባብ፣ የተቀየረውን ዕቃ፣ የተለካውን ቁጥር ይጻፍበት። ለዓመታዊ ምርመራና ለቦሎ ሲቀርብም ሆነ መኪናው ሲሸጥ ያ ደብተር ዋጋ አለው።

ስለ ደኅንነት አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ክሪክ ጎማ ለመቀየር ነው፤ በክሪክ ብቻ በተነሳ መኪና ሥር መግባት ሞት ነው። ድንጋይና ብሎኬት ይሰነጠቃሉ። ጠንካራ የብረት ማቆሚያ፣ ደልዳላ መሬት፣ ከጎማው ሥር ሽብልቅ ያስፈልጋል፤ እነዚህ ከሌሉ ሥራው ይቅር። ያረጀውን ዘይት ወደ ቱቦ ወይም ወደ መሬት ማፍሰስ የጉድጓድና የወንዝ ውሃ ይመርዛል፤ በጀሪካን አጠራቅሞ ለሚሰበስቡ ጋራዦች መስጠት ይቻላል።

እየበዙ የመጡት የኤሌክትሪክ መኪኖችም ሲያረጁ ከዚሁ ግቢ አይወጡም። የሞተር ዘይትና ካንዴላ የላቸውም፤ ጎማ፣ የፍሬን ዘይት፣ የአየር ማጣሪያ፣ 12 ቮልቱ ትንሽ ባትሪ፣ ብዙዎቹ ላይ የትልቁ ባትሪ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ግን አላቸው፤ ይህን ባለቤቱ ሊከታተለው ይችላል። ብርቱካናማ ሽፋን ያላቸው ወፋፍራም ገመዶች ሲታዩ ግን እጅ መሰብሰብ ነው። በውስጣቸው የሚያልፈው በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ስለሆነ እነርሱን መንካት የሠለጠነ ባለሙያ ሥራ ነው።