ሁለት የትምህርት ዕድል ቢመጣ የትኛውን እንምረጥ?



በዚህ ጽሑፍ የማነሣው ጉዳይ ለብዙዎቻችን የሩቅ ነገር ሊመስል ይችላል። ለራሽን ተሰልፎ ለሚውል ሰው የዩኒቨርሲቲ ምርጫ ምን ይፈይድለታል የሚልም አይጠፋም። ይሁን እንጂ ከመካከላችን ተምረው እዚህ ደረጃ የደረሱ ልጆች አሉ፤ አንዷም ሰሞኑን ሁለት ደብዳቤ ይዛ ወደ እኔ መጣች።

ይህችን ልጅ ከዓመታት በፊት ካላክላ ውስጥ ማታ ማታ ሒሳብና እንግሊዝኛ አስተምራት ነበር። እናቷ ላፋ አካባቢ ቡና እያፈላች ነው ያሳደገቻት። በ2022 ከአንድ የካርቱም ኮሌጅ በሕክምና ላቦራቶሪ በመጀመሪያ ዲግሪ ተመረቀች (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በሚያዝያ 2023 ጦርነቱ ሲነሣና ካላክላን ለቀን ስንወጣ እናቲቱ ከቤት ያወጣችው አንድ ፍራሽና በላስቲክ የተጠቀለለውን ዲግሪ ነው። አሁን ልጅቷ ለሁለተኛ ዲግሪ ሁለት ቦታ ተቀባይነት አግኝታለች። «ቲቸር፣ የትኛውን ልያዝ?» አለችኝ።

እኔ ራሴ ከ12ኛ ክፍል አላለፍኩም። ስለሆነም መልስ ከመስጠቴ በፊት የሚያውቁ ሰዎችን ስጠይቅና ያገኘሁትን ሳነብ ሰነበትኩ። ለሌሎችም ይጠቅም ይሆናል በማለት የደረስኩበትን አቀርባለሁ።

የመጀመሪያው ደብዳቤ እንግሊዝ አገር ከሚገኝ ስሙ ከገነነ ዩኒቨርሲቲ የመጣ ነው። ትምህርቱ ስለ ተላላፊ በሽታዎች ሲሆን አንድ ዓመት ይፈጃል፤ የትምህርት ክፍያውን ዩኒቨርሲቲው ይሸፍናል። ሁለተኛው እዚሁ ምሥራቅ አፍሪካ ውስጥ ካለ ዩኒቨርሲቲ ነው። ሁለት ዓመት ይፈጃል፤ የትምህርት ክፍያ፣ የአውሮፕላን ትኬት፣ ወርሃዊ አበልና የቤተ ሙከራ ወጪ በሙሉ ይከፈላል፤ የምርምሩ ርዕስም ካላዛር ነው። ወሬው ሲሰማ ጎረቤቱ ሁሉ ለእንግሊዙ ድምፁን ሰጠ። እናቲቱ ግን «መምህር፣ እኔ አገሩን አላውቀውም፣ አንተ አንብበህ ምከርልኝ» አለችኝ።

ደብዳቤዎቹን ሳነብ የተረዳሁት ነገር ቢኖር እንዲህ ዓይነት ደብዳቤ ሲመጣ ማናችንም የማንመረምረው መሆናችንን ነው። ዕድሉ ጥቂት ስለሆነ ደብዳቤው ራሱ ተአምር ይመስለናል። ብዙዎቻችን የምናውቀው የነፃ ትምህርት ዕድል ዳፊ የሚባለው ነው፤ በጀርመን መንግሥትና በዩ.ኤን.ኤች.ሲ.አር. ትብብር በ1992 የተጀመረ ሲሆን የሚረዳውም በመጀመሪያ ዲግሪ ደረጃ ጥገኝነት ባገኙበት አገር የሚማሩትን ነው። ከዚያ በላይ ያለው መንገድ ጠባብ ነው። ለምሳሌ በ2019 ኢጣሊያ ውስጥ የቦሎኛና የሉዊስ ዩኒቨርሲቲዎች ኢትዮጵያ ውስጥ ከነበሩ ስደተኞች መካከል ጥቂቶችን ለሁለተኛ ዲግሪ መቀበል ጀመሩ፤ ፕሮግራሙ ከዚያ ወዲህ ወደ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎችና አገሮችም ተስፋፍቷል። በየዓመቱ የሚወሰደው ሰው ግን በአሥሮች የሚቆጠር ነው። እንግዲህ ደብዳቤ የደረሰው ሰው «እንዳያመልጠኝ» ብሎ የመጀመሪያውን ቢይዝ አይፈረድበትም።

ሆኖም «ክፍያው ተሸፍኗል» የሚለው ቃል ብዙ ነገር ይደብቃል። የትምህርት ክፍያ ሌላ ነው፤ የቤት ኪራይ፣ ምግብና ትራንስፖርት ሌላ ነው። የእንግሊዝ የተማሪ ቪዛ የሚጠይቅ ሰው እስከ ዘጠኝ ወር የሚበቃ የመኖሪያ ገንዘብ እንዳለው ማሳየት አለበት፤ ገንዘቡም 28 ተከታታይ ቀናት ባንክ ውስጥ ተቀምጦ መታየት ይኖርበታል። ለባንክ ሒሳብ እንኳ ስንት ደጅ እንደምንጠና የምናውቅ እናውቃለን። ዘመድ ቢያዋጣም በ27ኛው ቀን አንዱ ቸግሮት ድርሻውን መልስልኝ ቢል ነገሩ ይበላሻል። ባለትዳር ለሆኑ ደግሞ ሌላም አለ፤ ከጥር 2024 ወዲህ በክፍል ትምህርት የሚሰጠውን የአንድ ዓመት ማስተርስ የሚማር ተማሪ ቤተሰቡን ወደ እንግሊዝ ይዞ መግባት አይችልም። ይህ ሁሉ በመቀበያው ደብዳቤ ላይ አልተጻፈም። መጻፍም አይጠበቅበትም፤ ጠይቆ ማወቅ ያለበት ተቀባዩ ነው።

ሙሉ ክፍያ ተብሎ የተጻፈም ቢሆን ከየት እንደሚመጣ መጠየቅ ያስፈልጋል። በዚህ ረገድ አሜሪካ ጥሩ ትምህርት ትሰጣለች። እዚያ በባዮሜዲካል ሳይንስ ለዶክትሬት የሚገባ ተማሪ፣ ማስተርስ ሳይኖረው በመጀመሪያ ዲግሪው ብቻ ሊገባ ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከአምስት እስከ ስድስት ዓመት ይማራል፤ ክፍያውም አበሉም ይሸፈንለታል። በስምምነቱ የገቡ ዩኒቨርሲቲዎች ከድጋፍ ጋር የተሰጠን ዕድል ተማሪው እስከ ሚያዝያ 15 ድረስ እንዲያስብበት ይፈቅዱለታል፤ ከዚያ በፊት ቁረጥ ብለው አያስገድዱትም። (ለእኛ ሚያዝያ 15 የካርቱም ጦርነት የተነሣበት ቀን ነው፤ ቀኑን ለመርሳት አንቸገርም አልልም።) ታዲያ እንዲህ የተደራጀ አገር ሆኖም በመጋቢት 2025 የማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ቻን የሕክምና ትምህርት ቤት በባዮሜዲካል ሳይንስ ዶክትሬት የተቀበላቸውን ተማሪዎች ዕድል መልሶ ሰረዘ። ምክንያቱ የፌዴራሉ መንግሥት የምርምር ገንዘብ አጠራጣሪ መሆኑ ነበር። የምርምር ገንዘብ ብዙ ጊዜ ለጥቂት ዓመታት የሚሰጥና እንደገና የሚለመን ነው። ስለዚህ «አበሌን የሚከፍለው ማን ነው? ገንዘቡ የሚያበቃው መቼ ነው? እኔ ሳልጨርስ ቢያልቅስ?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። የኛ ሰው በተለይ ከፈረንጅ ጋር ስለ ገንዘብ መነጋገር ያፍራል። እነሱ ግን አይቀየሙም።

ከገንዘቡ ቀጥሎ፣ እንደ እኔ አስተያየት ከገንዘቡም የሚስተካከለው፣ የአማካሪው ጉዳይ ነው። በምርምር ትምህርት ተማሪው የሚውለው ከአንድ ሰው ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው። ያ ሰው ጥሩ ከሆነ ትንሹ ዩኒቨርሲቲ ትልቅ ይሆናል፤ ካልሆነ ስመ ጥሩው ዩኒቨርሲቲ አያድንም። እዚህ ላይ የአገሮቹ ልማድ ይለያያል። አሜሪካ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ተማሪው በመጀመሪያው ዓመት ከሁለት እስከ አራት ቤተ ሙከራዎች እየተዘዋወረ ለየጥቂት ሳምንታት ይሠራል፤ ከዚያ አማካሪውን ይመርጣል። ስለዚህ እዚያ ለመሄድ የሚያስብ ሰው ሊያይ የሚገባው አብሮ ሊሠራ የሚፈልገው ሰው አንድ ብቻ ነው ወይስ ሦስት አራት አሉ የሚለውን ነው። በአውሮፓና በእኛ አካባቢ ግን ብዙ ጊዜ ከመነሻው ከአንድ አማካሪ ጋር ይታሰራል፤ ያን ሰው ሳያውቁ መፈረም ሙሽራውን ሳያዩ እንደመዳር ነው።

ሰውየውን በምን እናውቀዋለን? ራሱን ብቻ በመጠየቅ አይደለም። ከእሱ ዘንድ የጨረሱ ተማሪዎችን ስም ጠይቆ ለእነሱ መጻፍ ነው። ስንት ተማሪ ጀመረ፣ ስንቱ ጨረሰ፣ በስንት ዓመት? የጨረሱት አሁን የት ይሠራሉ? አማካሪው በሳምንት ያገኛቸው ነበር ወይስ በወር? ጽሑፋቸው ሲታተም ስማቸው ከፊት ነበር ወይስ ከኋላ? በዚህ ሙያ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ጽሑፍ ላይ ስሙ መጀመሪያ የሚጻፈው ዋናውን ሥራ የሠራው ነው፤ ኋላ ሥራ ሲፈለግም የሚታየው እሱ ነው። አንድ የቀድሞ ተማሪ በደንብ ከመለሰ ከአሥር የዩኒቨርሲቲ ማስታወቂያ ይበልጣል። ማንም ካልመለሰ ያም መልስ ነው።

ስለ ቦታ ስም ሳነሣ የሶባውን ነገር ሳልናገር አላልፍም። ከካላክላ በስተምሥራቅ ሶባ ውስጥ በካርቱም ዩኒቨርሲቲ ሥር በ1991 የተቋቋመ የማይሴቶማ ምርምር ማዕከል ነበር። ማይሴቶማ በእሾህ ወይም በቁስል በኩል ገብቶ እግርን የሚያሳብጥና የሚበላ በሽታ ነው፤ የሚያጠቃውም በባዶ እግሩ የሚያርሰውንና ከብት የሚጠብቀውን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ትኩረት ከተነፈጋቸው በሽታዎች መዝገብ ያስገባው በ2016 ነው። በ2017 ለዚህ በሽታ በፈንገስ ለሚመጣው ዓይነት አዲስ መድኃኒት ከነባሩ ጋር የማወዳደር ጥናት የተጀመረው እዚያው ሶባ ነበር፤ እንዲህ ያለ ጥናት በዓለም የመጀመሪያው ነው። በ2022 አንድ ተማሪ «እዚያ ልማር ወይስ አውሮፓ ልሂድ?» ቢለኝ ኖሮ ያለ ማመንታት ሶባ እለው ነበር፤ ለዚህ በሽታ ከሶባ የተሻለ ቦታ አልነበረምና። በጦርነቱ ግን ማዕከሉ ወደመ፤ በአሥርተ ዓመታት የተሰበሰበው የበሽተኞች ናሙናም ጠፋ።

ምክሩ ስህተት ይሆን ነበር ማለቴ አይደለም። የተማረው ሰውና የታተመው ጽሑፍ አልጠፋም፤ የጠፋው በአንድ ማቀዝቀዣ ውስጥ ብቻ የነበረው ነው። ስለዚህ የትም ብንማር የውጤት ዝርዝራችንን፣ የምስክር ወረቀታችንንና የምርምር መዝገባችንን ቅጂ ከአንድ ቦታ በላይ ማስቀመጥ አለብን። በ2023 የሱዳን መንግሥት ወደ ፖርት ሱዳን በተዛወረ ጊዜ ዲግሪያቸውን ለማስመስከር ሰው ፍለጋ የተንከራተቱትን እናስታውሳለን።

የምርምሩ ርዕስም ቀላል ነገር አይደለም። ብዙዎች «ካላዛር ተምራ የት ትደርሳለች? ስለ ካንሰር ብትማር ይሻላል» ሲሉ ሰምቻለሁ። ሁመራና መተማ፣ ገዳሪፍም ለሰሊጥ ሥራ የወረደ ሰው ግን ካላዛርን ያውቀዋል። በተሰነጣጠቀው ጥቁር አፈርና በግራሩ ሥር የምትኖር ትንሽ የአሸዋ ዝንብ ትነድፋለች፤ ትኩሳቱ አይለቅም፣ ሆድ ያብጣል፣ ሰውነት ይከሳል፣ ካልታከመም ይገድላል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለዚሁ በሽታ የሚሠራ የምርምርና የሕክምና ማዕከል አለ። ሙያው በአካባቢያችን ሰው የሚፈልግ ሙያ ነው። አክሊሉ ለማን እናስታውስ። በ1964 አድዋ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ ከታች በኩል ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ፤ ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉት ደግሞ እነዚሁ ቀንድ አውጣዎች ናቸው። ዶክትሬቱን የሠራው አሜሪካ ጆንስ ሆፕኪንስ ነው፤ ስሙን ያስጠራው ጥያቄ ግን ከአድዋ ወንዝ የተገኘ ነው። በ1966 አዲስ አበባ የፓቶባዮሎጂ ተቋምን መሠረተ፤ ተቋሙም ዛሬ በስሙ ይጠራል። በ1989 ከለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበለ።

አሁን ወደ ወረቀት ጉዳይ ልመለስ፤ ለእኛ ከሁሉ በፊት የሚጠየቀው ይኸው ነውና። ስደተኛ የሚጓዘው በ1951 የጄኔቫ ስምምነት አንቀጽ 28 መሠረት በሚሰጠው የጉዞ ሰነድ ነው። ሰነዱን የሰጠው አገር፣ ሰነዱ እስካላለፈበት ድረስ ባለቤቱን መልሶ ለመቀበል ግዴታ አለበት። በልዩ ምክንያት ይህ የመመለሻ ጊዜ ሊያጥር ይችላል፤ ቢያጥርም ከሦስት ወር አያንስም። እንግዲህ ትምህርቱ ሁለት ዓመት፣ ሰነዱ አንድ ዓመት ከሆነ እዚያው ሆኖ ማን እንደሚያድስ ከመሄድ በፊት ማወቅ ይገባል። ነገሩን ለማቅለል ብሎ ወደ ኤምባሲ ሄዶ የአገሩን ፓስፖርት የሚያወጣም አለ። በስምምነቱ አንቀጽ 1 መሠረት ወደ አገሩ መንግሥት ጥበቃ በፈቃዱ የተመለሰ ሰው ስደተኝነቱ ሊቀርበት ይችላል፤ ፓስፖርት ማውጣትም ለዚህ ማስረጃ ሊሆንበት ይችላል። ስለዚህ አስቀድሞ የጥበቃ ክፍሉን ማማከር ያስፈልጋል። በሌላ አገር የመስፈር ጉዳዩ የተጀመረለትም እንዲሁ፤ ለትምህርት ከሄደ ፋይሉ ምን እንደሚሆን ሳይጠይቅ አይነሣ። የአሜሪካ የተማሪ ቪዛ የሚጠይቅ ደግሞ ትምህርቱን ሲጨርስ ተመልሶ እንደሚሄድ እንዲያስረዳ ይጠበቅበታል፤ የሚመለስበት ቤት ለሌለው ሰው ከባድ ጥያቄ ነውና መልሱን አስቦ መግባት ይሻላል።

ልጅቷን እንግዲህ «እኔ አልመርጥልሽም፣ ለሁለቱም ጻፊላቸው» አልኳት። ደብዳቤዎቹን አብረን ረቂቅ አደረግን። እንግሊዞቹ በትሕትና መለሱ፤ የመኖሪያ ገንዘብ የላቸውም፣ ቦታዋን ግን ለሚመጣው ዓመት ሊያቆዩላት ይችላሉ። የሁለተኛው ዩኒቨርሲቲ አማካሪ በሦስተኛው ቀን መልሶ የሁለት የቀድሞ ተማሪዎችን አድራሻ ሰጣት። አንደኛው ሰፊ መልስ ጻፈላት። አማካሪው በየሳምንቱ እንደሚያገኛቸው፣ ጽሑፉም በራሱ ስም መጀመሪያ እንደታተመ ነገራት። ይሁን እንጂ ለቤተ ሙከራው የታዘዘው ኬሚካል ጉምሩክ ስለቆየ ትምህርቱን የጨረሰው በሁለት ዓመት ሳይሆን በሁለት ዓመት ተኩል ነው፤ አበሉ ግን በ24ኛው ወር ቆሟል። ያንን ስድስት ወር ወንድሙ ቤት ተጠግቶ አሳለፈ።

እሷ እዚያ አገር ወንድም የላትም። እኔ አሁንም ወደ ካላዛሩ አደላለሁ፤ ነገር ግን በስድስቱ ወር ላይ መልስ ሳይገኝ ፈርሚ አልላትም። ትምህርቱ ቢራዘም አበሉን የሚሸፍን ሌላ ገንዘብ መኖሩን፣ ወይም በቤተ ሙከራው ረዳትነት ተቀጥራ መሥራት መቻሏን ጠይቃ በሰኞው ዕለት ጽፋለች። የመልስ መስጫው ቀን የወሩ መጨረሻ ነው። እናቷ ግን የትኛው አገር እንደሆነ እንኳ ሳትጠይቅ ሻንጣ ገዝታ አልጋ ሥር አስቀምጣለች።