ከሰሜን ሸዋ ምን ተገዝቶ ይመለሳል? የደብረ ብርሃንና የአንኮበር የእጅ ሥራዎች

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደሴ መንገድ 130 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ እንግዳ ደብረ ብርሃን ሲደርስ በቅድሚያ የሚቀበለው ብርዱ ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2 ሺህ 700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ይህ ብርድ ታዲያ ለአካባቢው ሕዝብ ችግር ብቻ ሳይሆን የሙያ ምንጭም ሆኖ ኖሯል። በግ አርብቶ፣ ጸጉሩን ሸልቶና ፈትሎ ብርድ ልብስ፣ ካባና ምንጣፍ የመሥራት ልማድ በደብረ ብርሃን፣ በመንዝና በዙሪያው ሥር ሰድዶ የቆየው በዚሁ ምክንያት ነው።

የአጼ ዘርዓ ያዕቆብን ከተማ ደብረ ብርሃንንና የሸዋ ነገሥታት መዲና የነበረችውን አንኮበርን ለማየት የሚመጣ ጎብኚ ሲመለስ የአካባቢውን ማስታወሻ መያዝ መፈለጉ አይቀርም። ሊገዛ የሚችለው መልካም ዕቃም ሞልቷል። ይሁን እንጂ ሁለት ችግሮች ይታያሉ። አንደኛው፣ የአካባቢው ምርት የትና በማን እንደተሠራ ሳይገለጽ መሸጡ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ሊሸጡ የማይገባቸው ጥንታዊ ንብረቶች ከእጅ ሥራ ውጤቶች ጋር ተደባልቀው ለገበያ የመቅረባቸው አደጋ ነው። ሁለቱም ችግሮች ከአንድ ምንጭ የሚነሡ ናቸው፤ ይኸውም የዕቃው መነሻ አለመታወቁ ነው።

የቆየ የገበያ ታሪክ

በሰሜን ሸዋ የእንግዳና የገበያ ግንኙነት አዲስ ነገር አይደለም። አንኮበር ከደብረ ብርሃን በስተምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በደጋው ጠርዝ ላይ የተቆረቆረች ስትሆን፣ ቁልቁል የአፋርን ቆላ ትመለከታለች። ከአንኮበር ግርጌ የምትገኘው አልዩ አምባ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከታጁራ ወደብ በአፋር በረሃ አቋርጠው ለሚመጡ ቅፍለቶች ዋነኛ የገበያ ማዕከል ነበረች። በየዓርቡ በሚቆመው ገበያዋ አሞሌ ጨው እንደ ገንዘብ ያገለግል ነበር። የደጋው እህልና የቆላው ሸቀጥም የሚገናኙት በዚያው ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1841 በሻምበል ዊሊያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ የተመራው የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ የመጣው በዚሁ መንገድ ነው። ቡድኑ ለንጉሡ ካቀረባቸው ገጸ በረከቶች መካከል ጠመንጃዎች፣ የካሽሚር ሻሎችና አንድ ትልቅ የብራስልስ ምንጣፍ ይገኙበታል። የበግ ጸጉር መሸመን ባህሉ ለሆነ አገር ንጉሥ ከአውሮፓ ምንጣፍ መምጣቱ የሚያስተውሉት ነገር ነው። ዛሬ ግን ጉዳዩ በተቃራኒው ሆኗል፤ ከአውሮፓና ከሌሎች አህጉራት የሚመጣው እንግዳ ከዚህ አካባቢ ምንጣፍ ገዝቶ ሊሄድ ይችላል።

ከበጉ ጀርባ እስከ ምንጣፉ

የሥራው ጥሬ ዕቃ የሚገኘው ከመንዝ በግ ነው። ይህ ዝርያ በኢትዮጵያ ጸጉራቸው ለሽመና ከሚሆን ጥቂት የበግ ዝርያዎች አንዱ ነው። ጸጉሩ እንደ አውስትራሊያው የሜሪኖ በግ ደቃቅና ለስላሳ ባለመሆኑ በገላ ላይ ለሚለበስ ስስ ልብስ አይመረጥም። ጠንካራና ሻካራ መሆኑ ግን ለምንጣፍ፣ ለብርድ ልብስና ለካባ ተስማሚ አድርጎታል። ስለዚህ በአካባቢው የሚሠራ የሱፍ ዕቃ እጅን ትንሽ ቢኮሰኩስ ጉድለት ሳይሆን የዝርያው ጠባይ መሆኑን ገዥው ሊያውቅ ይገባል።

ጸጉሩ ከተሸለተ በኋላ ታጥቦ ይደርቃል፤ ቀጥሎም ይነደፋል፣ በእንዝርት ይፈተላል፣ በመጨረሻም በሸማኔው እጅ ይሸመናል። ከዚህ ሥራ ከሚገኙት ባህላዊ ውጤቶች መካከል ባና ተብሎ የሚታወቀው የሱፍ ብርድ ልብስ፣ ወፍራሙ ዝተትና በትከሻ ላይ የሚጣለው በርኖስ ይጠቀሳሉ። የመንዝ በግ በአብዛኛው ጥቁር፣ ቡናማና ቡራቡሬ በመሆኑ ብዙዎቹ ዕቃዎች ቀለም ሳይነከሩ በተፈጥሮ መልካቸው ይሠራሉ። ለእንግዶች ተብለው በሚሠሩት ምንጣፎች ላይ ደግሞ የመስቀል፣ የአንበሳና የመሳሰሉት ምስሎች ይታያሉ። ከእነዚህ ሌላ በዋናው መንገድ ዳር የሱፍ ኮፍያና ከበግ ቆዳ የተሠራ ቆብ ለመንገደኛ መሸጥ የተለመደ ነው።

የከተማዋ ስም ከሱፍ ጋር በአገር አቀፍ ደረጃ እንዲያያዝ ያደረገው ግን በ1957 ዓ.ም. የተቋቋመው የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ፋብሪካ ነው። “የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ” የሚለው ስያሜ በብዙ ኢትዮጵያውያን ቤት የታወቀ ሆኗል። ይህም አንድ ቁም ነገር ያስተምራል። የፋብሪካው ምርት የከተማውን ስም ይዞ አገር ሲያዳርስ፣ ከዚያ በፊት ለብዙ ዘመን የኖረው የእጅ ሽመና ግን የአካባቢውን ስም ሳይዝ ነው የሚሸጠው። በአዲስ አበባ የማስታወሻ ዕቃ መሸጫዎች ውስጥ የሚገኝ የሱፍ ምንጣፍ “የኢትዮጵያ ሥራ” ከመባል በቀር የመንዝ ይሁን የደብረ ብርሃን ለገዥው አይነገረውም።

ከአንኮበርና ከቆላው

ከደጋው ወደ አንኮበርና ወደ ቆላው ሲወረድ የዕቃው ዓይነትም ይለወጣል። በአልዩ አምባና በአካባቢው የሚኖሩት አርጎባዎች በንግድና በጥጥ ሽመና የታወቁ ናቸው። ለመታሰቢያ የሚሆነው የሸማ ሥራ ከደጋው ሱፍ ይልቅ ቀላል በመሆኑ ሩቅ ለሚጓዝ እንግዳ ይመቻል። የሸክላ ሥራ፣ የስፌት ሥራና የቀንድ ዋንጫም በሰሜን ሸዋ ገበያዎች የሚገኙ ናቸው። የምግብ ማስታወሻ ለሚፈልግ ደግሞ የደጋው ገብስ አለ፤ ከእርሱ የሚዘጋጁት ቆሎና በሶ ሳይበላሹ ለመጓዝ የሚችሉ ናቸው።

እነዚህን ሥራዎች የሚሠሩ ወገኖች ባለፉት ዘመናት ለሙያቸው ተገቢውን ክብር ሳያገኙ መኖራቸው ይታወቃል። ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪዋና ብረት ቀጥቃጩ በሥራቸው ምክንያት ይሰደቡ ነበር። በደብረ ብርሃን አቅራቢያ በምትገኘው አንጎለላ የተወለዱትና በአንኮበር የነገሡት አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል። በአዲስ አበባ ቀጨኔ ከሚኖሩት ሸክላ ሠሪዎችና ሸማኔዎች ብዙዎቹ የዘር ሐረጋቸውን ከሰሜን ሸዋ የሚቆጥሩ ናቸው። ስለዚህ የባለሙያውን መንደር በዕቃው ላይ መጻፍ የንግድ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የተነፈገን ክብር የመመለስም ጉዳይ ነው።

ከመግዛት በፊት

እውነተኛውን የበግ ጸጉር ከሰው ሠራሽ ክር ለመለየት የሚያስችል ቀላል ዘዴ አለ። ከዕቃው ጫፍ አንዲት ክር ተወስዳ በጥንቃቄ ስትቃጠል የበግ ጸጉር ከሆነች እንደ ሰው ጸጉር ትሸታለች፤ አመዷም በጣት ሲነካ ይደቃል። ሰው ሠራሽ ክር ግን ቀልጦ ጠንካራ እንክብል ይሠራል። ሁለቱ ተቀላቅለው የተሸመኑ ዕቃዎችም በገበያ ላይ ሊኖሩ ስለሚችሉ ሻጩ አስቀድሞ መግለጹ ተገቢ ነው።

ክብደትም መታሰብ ይኖርበታል። በአውሮፕላን የሚጓዝ እንግዳ አንድ ሻንጣው አብዛኛውን ጊዜ በ23 ኪሎ ግራም የተወሰነ በመሆኑ ትልቅ ምንጣፍ ለመግዛት ያመነታል። አነስ ያለ የግድግዳ ሥራ፣ የመቀመጫ ልብስ ወይም ኮፍያ ተዘጋጅቶ ቢቀርብለት ግን ሳይገዛ አይሄድም።

የእንግዳው አገር ሕግም ሊዘነጋ አይገባም። ለምሳሌ አውስትራሊያ ወደ ግዛቷ የሚገባ ከእንስሳትና ከዕፅዋት የተገኘ ዕቃ በመንገደኛው እንዲገለጽና እንዲመረመር ታዛለች። በሚገባ ያልለፋ የበግ ቆዳ ወይም ያልጸዳ ጸጉር በአየር ማረፊያ ሊወሰድበት የሚችል እንግዳ የገዛው ነገር ደስታ ሳይሆን ቅሬታ ያተርፍለታል። ስለዚህ ቆዳውን በአግባቡ ማልፋት፣ ሱፉንም በደንብ ማጠብና ከብል መጠበቅ የገበያው ቅድመ ሁኔታ ነው።

የማይሸጠው

ከላይ የተዘረዘሩት በባለሙያ እጅ ዛሬ ተሠርተው ነገ ሊተኩ የሚችሉ ናቸው። የማይተኩ ግን አሉ። ሰሜን ሸዋ ጥንታውያን አብያተ ክርስቲያናትና ገዳማት፣ መስጊዶችና የቤተ መንግሥት ፍርስራሾች የሚገኙበት አካባቢ ነው። የብራና መጻሕፍት፣ ጥንታውያን መስቀሎችና ሥዕሎች፣ የቀድሞ ዘመን የጦር መሣሪያዎችና የቤት ዕቃዎች “አሮጌ ዕቃ” ተብለው ለእንግዳ ሲቀርቡ የአገር ታሪክ አብሮ ይሸጣል።

በ1989 ዓ.ም. ከላሊበላ የተሰረቀው የአፍሮ አይገባ መስቀል በቤልጂየማዊ ሰብሳቢ እጅ መገኘቱና የተመለሰውም በብዙ ጥረት መሆኑ የዚህን ጉዳት መጠን ያሳያል። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል። በዚህም ምክንያት አሮጌ የሚመስል ዕቃ የገዛ እንግዳ ዕቃው ቅርስ አለመሆኑን ከሚመለከተው የቅርስ መሥሪያ ቤት ማረጋገጫ ሳይዝ ቢሄድ በአየር ማረፊያ ሊያዝበት ይችላል። አዲሱን ሥራ በጭስ አጥቁሮ እንደ ጥንታዊ አድርጎ መሸጥም እንግዳውን ማታለል ብቻ ሳይሆን ለፍተሻ ችግር መዳረግ ነው።

በዱር እንስሳትም ረገድ ተመሳሳይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በአንኮበር ገደሎችና በመንዝ ጓሳ የሚታየው ጭላዳ ዝንጀሮ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝ እንስሳ ነው። የጭላዳ፣ የነብርም ሆነ የሌላ የዱር እንስሳ ቆዳና ውጤት ያለ ፈቃድ መነገድ በዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 የተከለከለ ነው። የበግ ቆዳ ቆብ የሚገዛ እንግዳ ከዚህ ሥጋት ነጻ መሆኑ ሊነገረው ይገባል።

ስም ያለው ዕቃ

የዕቃን መነሻ ማስታወቅ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ከሌሎች አገሮች ልምድ መረዳት ይቻላል። በአውስትራሊያ በኢንዶኔዥያ የተመረቱ ዕቃዎችን የአገሬው ነባር ሕዝብ የእጅ ሥራ አስመስሎ የሸጠ አንድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2019 በፍርድ ቤት 2 ነጥብ 3 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ተቀጥቷል። የቅጣቱ መሠረት ዕቃው መጥፎ መሆኑ ሳይሆን መነሻው በሐሰት መገለጹ ነበር።

ኢትዮጵያም በዚህ ረገድ የራሷ ልምድ አላት። የይርጋጨፌ፣ የሲዳሞና የሐረር ቡና ስያሜዎችን በውጭ አገሮች በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ባደረገችው ጥረት እ.ኤ.አ. በ2007 ከአንድ ታላቅ የአሜሪካ ቡና ሻጭ ድርጅት ጋር ስምምነት ላይ መድረሷ ይታወሳል። ለቡና የሆነው ለሱፍ የማይሆንበት ምክንያት የለም። የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 የወል የንግድ ምልክትን የሚያውቅ በመሆኑ በኅብረት ሥራ ማኅበር የተደራጁ ሸማኔዎች የጋራ ምልክት አስመዝግበው በዕቃዎቻቸው ላይ ሊያደርጉ ይችላሉ።

እንዲህ ያለው ምልክት ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። በዕቃው ላይ በተሰፋች ቁራጭ ጨርቅ የተሠራበት ወረዳ፣ ጥሬ ዕቃው፣ የማኅበሩ ስምና የአጣጠቡ መመሪያ ቢጻፍ በቂ ነው። በእርሷም እንግዳው የገዛውን ያውቃል፤ ባለሙያው ከደላላው እጅ በመጠኑ ይላቀቃል፤ የጉምሩክና የቅርስ ሠራተኛውም አዲሱን ሥራ ከጥንታዊው በቀላሉ ይለያል። ምልክት የሌለው “አሮጌ” ዕቃ በራሱ ጥያቄ የሚያስነሳ ይሆናል።

በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የተከሰተው ግጭት የጎብኚዎችን እንቅስቃሴ እንዳዳከመው ይታወቃል። የእንግዳ ቁጥር ሲቀንስ በቅድሚያ የሚጎዳው ሌላ ገቢ የሌለው የእጅ ሙያተኛ ነው። የተቸገረ ቤተሰብም ከአያቶቹ የወረሰውን ለመሸጥ ይገደዳል። በመሆኑም ጉዳዩ የጎብኚዎች መመለስ እስኪረጋገጥ የሚቆይ አይደለም። መነሻው የታወቀ ዕቃ ጎብኚው ባይመጣም በአዲስ አበባና በውጭ አገር ለሚገኝ ገዥ ሊደርስ ይችላልና።

ከዚህ አኳያ በዞንና በወረዳ ደረጃ የሚገኙ የባህልና ቱሪዝም፣ የንግድና የኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤቶች ሥራቸውን ማቀናጀት ይጠበቅባቸዋል። ባለሙያዎችን መዝግቦ መያዝ፣ የወል ምልክት እንዲያወጡ ማገዝ፣ በጉብኝት ስፍራዎች ዋጋው የተገለጸ መሸጫ ማዘጋጀትና በአብያተ ክርስቲያናትና በመስጊዶች ያሉትን ቅርሶች መዝግቦ መጠበቅ በአንድነት ሊከናወኑ የሚገባቸው ተግባራት ናቸው። ከአንኮበር የሚመለስ እንግዳ የመንዝን ባና ይዞ ሲሄድ ሸማኔው ሌላ ይሠራል፤ የብራና መጽሐፍ ይዞ ቢሄድ ግን የሚተካው አይኖርም።